የአማቴ እርግብግቢት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የጥርስ ሐኪሙን ሶፋ ጨረስኩ። ለእንግዳ መቀበያው ነው። ቡናማ ቆዳ፣ ድርብ ስፌት። ሰው ጥርሱን ሊያስነቅል ሲጠብቅ ቢያንስ መቀመጫው ይመቸው።

ነገ አማቴ ከሆስፒታል ይወጣሉ። የሚያርፉት እኛ ቤት ነው። ባለቤቴ ከምትሠራበት ፋርማሲ ሦስት ጊዜ ደወለች። "አልጋውን አስጠጋኸው? ምንጣፉን አነሳኸው? እንዳያደናቅፋት!" አስጠጋሁ። አነሳሁ። ደግሞ ስትደውል ደግሜ አነሳሁ።

እኔና አማቴ... ምን ልበል? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ "አናጢው" እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አናጢ አይደለሁም። አናጢ እንጨቱን ያቆማል፣ እኔ ስፖንጅና ቆዳ አለብሰዋለሁ። ስንቴ ነገርኳቸው? ለሠርጋችን የሠራሁትን ሶፋ ተቀምጠውበት፣ ግራ ቀኝ ተወዛውዘው፣ "ወገብ ይወጋል" አሉ። እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

መጡ። ከስተዋል። ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው፣ ተመስገን።

ፀጉራቸው ተላጭቷል። በግራ በኩል፣ ከጆሯቸው በላይ፣ ጭንቅላታቸው ጎድጎድ ብሏል። መጀመሪያ ማየት አልቻልኩም። ግድግዳውን እያየሁ ነው "እንኳን ደህና መጡ" ያልኳቸው። ከወር በፊት ከደረጃ ወድቀው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። አንጎላቸው ሲያብጥ ሐኪሞቹ መተንፈሻ እንዲያገኝ ብለው የመዳፍ ያህል አጥንት አነሱ። አሁን እብጠቱ ጎድሏል። አጥንቱ ሆስፒታል ውስጥ በቅዝቃዜ ተቀምጧል፤ ጥር ላይ ወደ ቦታው ይመለሳል።

"ግማሽ ጭንቅላቴን ፍሪጅ ውስጥ ትቼ መጣሁ" አሉ ገና በሩ ላይ። "ሥጋ መስሏቸው እንዳይቀቅሉት ብቻ!"

ባለቤቴ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ሁለቱንም ባንዴ።

ዶክተሯ ያለችንን ልጻፈው፣ እንዳልረሳው። እዚያ ቦታ ላይ ከቆዳ በቀር ምንም የለም። አንድ ጊዜ ቢወድቁ፣ በር እንኳ ቢመታቸው... ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ሄልሜት ሰጥታናለች። ከአልጋ ከተነሱ ሳያደርጉ አንድ እርምጃ መሄድ የለባቸውም።

አደረጉት። ሁለት ደቂቃ። አወለቁት።

"ድስት ነው ይሄ።"

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ድስቱ አልጋ ሥር ተገኘ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ድስቱ ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ተገኘ። "ማን ከተተው?" ስል "አናጢ ሆነህ መርማሪም ልትሆን ነው?" አሉኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ጠሩኝ። "ና፣ ና እይ። አትፍራ፣ አይናከስም።"

የጎደጎደው ቦታ ላይ ቆዳው ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ይመታል።

"እርግብግቢት ነው" አሉ። "አራስ አቅፈህ አታውቅም? አናቱ ላይ እንዲህ ሲል አላየህም? ሰው ሲወለድ ይዞት ይመጣል፣ በዓመት በዓመት ተኩሉ ይዘጋል። እኔ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ድጋሚ አወጣሁ!" ከት ብለው ሳቁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበሩ። የዚህ ሰፈር ግማሽ ሰው መጀመሪያ የነካው እጅ የእሳቸው እጅ ነው። እና ያ ሁሉ ሰው እግሩን ጠርጎ ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ እሳቸው ባዶ ራሳቸውን ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

እኔና ባለቤቴ ትራስ ይዘን ስንከተላቸው ዋልን። እውነቴን ነው። እሳቸው ወደ ወጥ ቤት፣ እኔ ከኋላ በሶፋ ትራስ። እሳቸው ወደ በረንዳ፣ ባለቤቴ ከጎን በአልጋ ትራስ።

"ምነው? ሙሽራ አጃቢ ሆናችሁ?"

ሳቅን። ግን ሥራ አልሄድኩም። እሷም አልሄደችም። እስከ ጥር በትራስ ይዘለቃል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ክው ብዬ ቀረሁ ዛሬ።

ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት። ወለሉ እርጥብ ነበር። ሲንሸራተቱ አየሁ። ትራሱን ወርውሬ በሁለት እጄ ያዝኳቸው። ራሳቸው ከገንዳው ጠርዝ አንድ ስንዝር ነበር የቀረው። አንድ ስንዝር! ደግሞ ለዚያች ደቂቃ ተብሎ የተያዘውን ትራስ ለምንድነው የወረወርኩት? እንጃ።

ባለቤቴ መጮህ ጀመረች። እናቷ ላይ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። "ለምን አታደርጊውም? ለምን? አስቀያሚ ስለሆነ ነው? ማን ያይሻል እዚህ ቤት?"

አማቴ ቀስ ብለው "ይጫነኛል" አሉ። "ውስጡ ያለው ነገር ቀዳዳዬ ላይ ነው የሚያርፈው። ሲጫነኝ ቃል ይጠፋብኛል። ማንኪያን ማንኪያ ማለት ያቅተኛል። መውደቅ አይደለም የምፈራው... እሱን ነው።"

እና ስንቀልድ፣ እሳቸው ሲደብቁ እኛ ስንፈልግ... ለካ ምክንያቱ ይሄ ነበር።

ድስቱን አንስቼ ውስጡን አየሁት። እንደ ሥራዬ አየሁት ማለቴ ነው። ለእሳቸው ራስ ሰፊ ነው፤ ሲራመዱ ይዞራል፣ ሲዞር ወፍራሙ ስፖንጅ ጎድጓዳው ላይ ይመጣል። ለሁሉም ሰው አንድ ልክ። እኔ እንኳ ለሁለት ቤት አንድ ልክ ሶፋ አልሠራም።

"ከዚህ የተሻለ እሠራለሁ።" ከአፌ አመለጠኝ።

"አንተ? አናጢው?"

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ዶክተሯ አልሳቀችብኝም። ምድር ቤት ሰው ሠራሽ እግር ወደሚሠራው ባለሙያ ላከችን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው። ሦስት ነገር ብቻ ነገረኝ። ውጪው ጠንካራ ይሁን። ክብደቱ ዙሪያውን ባለው ጤነኛ አጥንት ላይ ይረፍ። ክፍቱ ቦታ ላይ ምንም፣ ምንም አይንካ፤ ውስጡ እዚያ ጋ ባዶ ይሁን። "ሳላየው ግን እንዳያደርጉት" አለ።

እስኪያልቅ ድረስ አማቴ ወንበር ላይ ናቸው። ሲነሱ አንዳችን ክንዳቸውን እንይዛለን። ተስማሙ። መስማማታቸው ራሱ ጉድ ነው!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ልክ ወሰድኩ። መጀመሪያ ሜትሩን በሁለት ጣት ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ከራሳቸው ግማሽ ክንድ ርቄ ቆምኩ።

"ምን ሆነሃል? ከእዚያ ሆነህ መስኮት ነው የምትለካው?"

"እማማ፣ እፈራለሁ።"

እጄን ያዙ። "በጣትህ ጫፍ አይደለም። አራስን በጣት አይነኩም። በመዳፍህ። ሙሉውን አሳርፈው። እንደዚህ።"

መዳፌ ሥር ይሞቃል። ቀስ እያለ ይመታል። አሥራ አራት ዓመት የተቀየምኳቸው ሴትዮ... መዳፌ ውስጥ ናቸው። እንባዬ እንዳይታይ ጎንበስ ብዬ እርሳስ ፈለግኩ። እርሳሱ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

የሙከራ ሳምንት። የሰው ራስ የሚያህል ሐብሐብ ሄልሜቱ ውስጥ አስሬ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ እለቃለሁ።

የመጀመሪያው ሐብሐብ ተፈጠፈጠ። በላነው። የውጪውን ፕላስቲክ ድርብ አደረግኩ። ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። በላነው። በሁለቱ ፕላስቲኮች መሃል ስስ ስፖንጅ አስገባሁ። ጎረቤቴ መስታወት ቆራጩ ማንኪያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። "ነገስ ስንት ሰዓት ነው የምትፈጠፍጠው?"

ሦስተኛው ወደቀ። ፈታሁት። ጭረት እንኳ የለበትም! አራት ጊዜ ለቀቅኩት። ምንም! መስታወት ቆራጩ በጣም አዘነ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ወይኔ። ወይኔ የእኔ ነገር።

አልቆ ነበር። ወይን ጠጅ ቀለም ቆዳ፣ የውስጥ ገበሩ ለስላሳ ጥጥ፣ ከኋላ በክር የሚጠብ የሚላላ። ለነገ ባለሙያው ጋ ቀጠሮ ይዘናል። ማታ እራት ሳይቀርብ ለአማቴ ሰጠኋቸው፣ እንዲያዩት ብቻ። ደረቴን ነፍቼ።

አላደረጉትም። እጃቸውን ውስጡ አስገቡ። ዐይናቸውን ጨፍነው ዙሪያውን ዳሰሱ። አንዴ። ደግመው።

"ልጄ፣ ይሄ የማን ጭንቅላት ነው?"

ባዶው ቦታ በቀኝ ነው! ወፍራሙ ስፖንጅ በግራ፣ ልክ ክፍቱ ላይ! ቢያደርጉት... ውሃ ሆንኩ።

ገብቶኛል የት እንደተሳሳትኩ። ቆዳ የሚነደፈው በጀርባው ነው፣ በጠመኔ፣ ፊቱን ወደ ታች ዘርግተን። ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። ስፖንጁን የቆረጥኩት ደግሞ ቆዳውን ተከትዬ። ሶፋ ላይ ይሄ ስህተት አይታይም። ሶፋ ሁለት ክንድ አለው፤ የተገለበጠው ለሌላኛው ይሆናል፣ ማንም ሳያውቅብህ ታልፋለህ። ስንቴ አልፌያለሁ። ጭንቅላት ግን... ቅስሜ ተሰበረ። "በቃ፣ እኔ ሶፋዬን ልሥራ" አልኩ።

አማቴ መጀመሪያ ሳቁ። ጎናቸውን ይዘው ሳቁ፣ ባለቤቴ "እማዬ ቀስ!" እስክትል። በኋላ ግን አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"እኔም አንድ ቀን እግር መስሎኝ እጅ ይዣለሁ፣ በምጥ መሃል። አልሳብኩም። ለቀቅኩት፣ ደግሜ ዳሰስኩ። ልጁ አሁን ጎረምሳ ነው፣ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፣ ያፍረኛል። ስማ፣ እጅህ ጥሩ ነው። ከነገ ጀምሮ ደግመህ ሥራ።"

እጅህ ጥሩ ነው አሉ? አሉ። ባለቤቴም ሰምታለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሁለተኛው። ለባለሙያው ሰጠሁት። ገለበጠው፣ ተጫነው፣ ባዶው ቦታ ላይ ጣቱን አስገብቶ ለካ። ራሳቸው ላይ አደረገ፣ ራስዎን ያወዛውዙ አላቸው። አልዞረም። "ይጫንዎታል?"

ሁላችንም አፋቸውን አየን።

"ማንኪያ" አሉ አማቴ። "ሹካ። ጭልፋ። ወንፊት። መጥበሻ..."

ባለሙያው ምን እንደሆነ አልገባውም። ባለቤቴ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። የደስታ ነው።

መስታወት ፊት ቆሙ። አሽተቱት። "ጠረኑ ጥሩ ነው" አሉ። ጠረኑ ጥሩ ነው! ለሠርግ ሶፋዬ ያልተባለ ነገር። እስከ ቤት እያፏጨሁ ሄድኩ።

ደግሞ ሌላ ነገር። ኮሪደሩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ራሱን በፎጣ የጠቀለለ። የእሱ ክፍት በቀኝ ነው። ባለሙያው ወደ እኔ ዞሮ "ያ የተገለበጠው የት ነው?" አለኝ። አማቴ ነግረውት ኖሯል! እፍረቴን ዋጥ አድርጌ ነገ አመጣዋለሁ አልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የኋላው ክር አንድ ጣት ላላ፣ አንድ ቦታ ስፖንጅ ቀነስኩ፣ ባለሙያው ለካ... ልክ ሆነ። ሹፌሩ ወይን ጠጅ ሄልሜቱን አድርጎ በመስኮቱ መስታወት ራሱን ያያል። "ወንድሜ፣ እንዴት አወቅከኝ?" አለኝ። ምን ልበለው? እንደ ሶፋው፣ የተገለበጠው ለሌላኛው ክንድ ሆነ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

አማቴ መንገድ ወጡ። ከስንት ጊዜ በኋላ! እኔ በግራ፣ ባለቤቴ በቀኝ፣ ያለ ትራስ።

አንዲት ሕፃን ቆም ብላ አየቻቸው። "ሞተር ነው የምትነጂው?"

"አዎ" አሉ። "የት እንዳቆምኩት ጠፋኝ እንጂ። አይተሽዋል?"

ልጅቷ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ሞተር ስትፈልግላቸው ሄደች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ከዚያው የሆስፒታል ክፍል ሦስት ሰው ሄልሜት ይፈልጋል። ባለሙያው ነው የላካቸው። እኔ እሰፋለሁ፣ አማቴ ወርክሾፕ ወንበር ላይ ተቀምጠው ልክ ይወስዳሉ። ሰው ሁሉ ልክ እኔ እንደፈራሁት ራሱን ይሸሻል። እሳቸው "ና፣ አይናከስም" ብለው መዳፋቸውን ያሳርፋሉ። ትከሻው ዝቅ ሲል ይታያል።

ንድፉን ቆዳው ላይ ሳሳርፍ በጠመኔ "ግራ" ብዬ ጽፌ፣ ለእሳቸው አሳይቼ፣ እሳቸው ዳስሰው ነው መቀስ የማነሳው። ሳያዩት ከቆረጥኩ እጄን በሜትሩ ይመቱኛል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ወደቁ።

መጀመሪያ ደህና መሆናቸውን ልጻፍ። ደህና ናቸው። ደህና ናቸው።

ካፊያ ነበር። ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ያለው ንጣፍ ያንሸራትታል። "ክንዴን ልቀቀኝ፣ ሁለት እርምጃ ነው" አሉ። ለቀቅኩ። ሁለተኛው እርምጃ ላይ እግራቸው ወደ ፊት ሄደ። በግራ ጎናቸው። ራሳቸው ንጣፉን ሲመታ የወጣው ድምፅ... ያቺ ሐብሐቡን ከጠረጴዛ ስለቅ አራት ጊዜ የሰማኋት ድምፅ። እየዳህኩ ነው የደረስኩት። መስታወት ቆራጩ ሮጠ።

ዐይናቸውን ገለጡ። እጃቸውን ወደ ሄልሜቱ ሰደዱ።

"ስፌትህ ተተረተረ" አሉ።

እዚያው እርጥብ ንጣፍ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሳቸው ናቸው ጀርባዬን መታ መታ ያደረጉልኝ። "በቃ፣ በቃ። ድርብ ስፌት ብታደርገው አይለቅም ነበር።"

ወዲያው ሆስፒታል ወሰድናቸው፣ ራጅ ተነሱ። ዶክተሯ ስዕሉን ለረጅም ጊዜ አየች። ምንም የለም። ሄልሜቱን አንስታ የተጫረውን ቦታ በጣቷ ተከተለችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ድርብ ስፌት። ሁሉም ላይ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ጠዋት ቀዶ ጥገና ገቡ። አጥንታቸው ከፍሪጅ ወጣ። በተሽከርካሪ አልጋው ላይ ሆነው "አደራ፣ በጀርባው እንዳትነድፉት" አሏት ዶክተሯን። ቀልዱ የገባው ለእኔ ብቻ ነው።

አራት ሰዓት ፈጀ። ባለቤቴ እጄን ይዛ ጥፍሯን ስትተክልብኝ ቆየች። ዶክተሯ ወጣች፣ ጭንብሏን ዝቅ አደረገች፣ ጥርሷ ታየ። በቃ። ገጠመ!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ዶክተሯ ሄልሜቱ አያስፈልግም ካለች ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። የአማቴ ፀጉር ጣት ያህል አድጓል፣ የራሳቸው ግራ ጎን ሞልቷል። ወርክሾፑ መደርደሪያ ላይ ለሌሎች ሰዎች ሰባት ሄልሜት ተደርድሯል፤ ሶፋ ያዘዘ ሰው ሳምንት ይጠብቅ ብያለሁ። ሹፌሩም መጥቶ ነበር፣ የእሱ አጥንት ባለፈው ወር ተመልሷል። ባለቤቴ ሻይ አፍልታልን ሁላችንም ቁጭ ብለናል።

አማቴ የወደቀ ክር ሊያነሱ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ የመደርደሪያው በር ክፍት ነበር።

ቋ!

በግራ በኩል። ደህና አድርጎ።

ሹፌሩ ሻዩን ከንፈሩ ላይ እንደያዘ ቀረ። የእኔ እጅ ሳላዘው ወደ ራሳቸው ተዘርግቷል። አማቴ መዳፋቸውን ቦታው ላይ አሳረፉ። ዳሰሱ። ደግመው ዳሰሱ።

"አመመኝ" አሉ።

"እማዬ!" ባለቤቴ ዘለለች።

"አመመኝ እኮ ነው የምልሽ! እንደ ሰው አመመኝ! አጥንቴን!" ይስቃሉ፣ እንባቸው ይወርዳል፣ በጣታቸው አናታቸውን ኳ ኳ ያደርጋሉ። "ስሙት! ስሙት እስቲ! ና አንተ፣ ና ምታው!"

በጣቴ ቀስ ብዬ መታሁት። ኳ አለ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ሹፌሩም የራሱን መታ፣ የእሱም ኳ አለ፣ እንደ እብድ ተሳሳቅን።

ትንሽ አበጠ። በረዶ ያዝኩላቸው። ለገባ ለወጣው ሁሉ እብጠታቸውን ሲያሳዩ ዋሉ።